በጣሳ ላይ የተነበበ ተራራ

ኅዳር ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው። አንድ ወጣት ወዳጄ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ዘወትር በምንገናኝባት ቡና ቤት አንድ መጽሐፍ በብብቱ ይዞ መጣ። ልጁ ገርጂ ተወልዶ ያደገ፣ የሰሜን ተራሮችን ሊያዩ ለሚመጡ የውጭ አገር ሰዎች መንገድ እየመራ የሚተዳደር ነው። ራስ ደጀንን ስንት ጊዜ እንደወጣው ቆጥሮ አይጨርስም። ማኪያቶው ሳይመጣ መጽሐፉን ከፊቴ አኖረና፣ «ጋሼ፣ ይህን ያንብቡልኝ። በጥር ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ኬንያ ተራራን ልንወጣ ነው። የምንወጣውም በዚህ ሰውዬ መንገድ ነው» አለኝ።

«ለምን በእሱ መንገድ?»

«ጣልያኑ ከመካከል ተመልሷላ! እሱ ያልጨረሰውን አበሻ ቢጨርሰው ምን ይመስልዎታል?»

እውነቱን ልናገር፣ ልቤ ሞቀ። ወዲያው ግን ፈራሁ። ይህ ጽሑፍ የዚያ ሙቀትና የዚያ ፍርሃት ውጤት ነው።

መጽሐፉ የፌሊቼ ቤኑዚ ነው። በጣልያንኛ «ፉጋ ሱል ኬንያ» ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1947፣ በእንግሊዝኛ ደግሞ «ኖ ፒክኒክ ኦን ማውንት ኬንያ» ተብሎ በ1952 ታትሟል። የመጀመሪያው ርእስ ስለ ሽሽት ይናገራል፤ ሁለተኛው «የኬንያ ተራራ ጉዞ ሽርሽር አይደለም» እንደ ማለት ነው። ስለ ተራራ መውጣት ከተጻፉት መካከል በዓለም ደረጃ ስሙ የሚነሣ ሥራ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1994 ፊልም ተሠርቶበታል። እኔ ግን ለብዙ ዓመታት ገልጬ ላነበው አልፈቀድኩም። ምክንያቱን አልደብቅም። ቤኑዚ እ.ኤ.አ. በ1938 የፋሺስት ኢጣሊያን የቅኝ ግዛት አገልግሎት ገብቶ ወደ ኢትዮጵያ የተላከ ሹም ነበር። አባቴ ደግሞ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የአሥር ዓመት ልጅ ነበር፤ ታላቅ ወንድሙ በዚያ ቀን ከቤት ወጥቶ አልተመለሰም። በእንዲህ ዓይነት ቤት ያደገ ሰው፣ የጣልያን ሹም ስለ ነፃነት የጻፈውን መጽሐፍ በቀና ልብ አይከፍትም። የልጁ ነገር ግን አስገደደኝና በሦስት ሌሊት ጨረስኩት።

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። በ1933 ዓ.ም. የኢጣሊያ አገዛዝ በኢትዮጵያ ሲፈርስ ቤኑዚ በእንግሊዞች እጅ ወደቀ። ከምርኮ ወደ ምርኮ ሲዛወር ቆይቶ በኬንያ ተራራ ግርጌ፣ ናንዩኪ ከተማ አጠገብ ባለው 354 ቁጥር ካምፕ ገባ። እዚያ የምርኮኛው ጠላት ረኃብና ዱላ አይደለም፤ ማለቂያ የሌለው ነገ ነው። ከሽቦው ባሻገር፣ ደመናው ሲገለጥ፣ ባለበረዶው ተራራ ብቅ ይላል። ቤኑዚ አንድ ሐሳብ ያዘ፤ አምልጦ ተራራውን ሊወጣ፣ ከዚያም ተመልሶ እጁን ሊሰጥ። ሐኪሙን ጆቫኒ ባሌቶንና ቪንቼንዞ ባርሶቲን ጓደኛ አደረገ። ለወራት ከራሽናቸው እየቀነሱ ስንቅ አጠራቀሙ። መዶሻ ቀጥቅጠው የበረዶ መጥረቢያ አበጁ፤ ከውዳቂ ብረት ከጫማ ሥር የሚታሰር ባለጥርስ መርገጫ ሠሩ፤ የአልጋ ገመድ ፈትተው መወጣጫ ገመድ አደረጉ። ጥር 16 ቀን 1935 ዓ.ም. አስመስለው በሠሩት ቁልፍ በሩን ከፍተው ወጡ። ከ18 ቀን በኋላ ተርበውና ተጎሳቁለው ወደዚያው ካምፕ ተመለሱ። የካምፑ አዛዥ 28 ቀን እስር ፈርዶ፣ ድፍረታቸውን አድንቆ በ7 ቀን ለቀቃቸው።

አንባቢን የሚማርከው ይህ የማምለጡ ብልሃት ነው። በእኔ አስተያየት ግን የመጽሐፉ እምብርት ሌላ ቦታ ነው፤ መንገድ በመምረጡ ላይ። ሦስቱ ሰዎች ካርታ አልነበራቸውም። ተራራውን በቅርብ አይተውት አያውቁም። ከያዙት ማስረጃ አንዱ ለምርኮኞች ከሚታደለው የታሸገ ምግብ ጣሳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ነበር። «ኬኒሎን» የተባለው የዚያ ምግብ ምልክት የኬንያ ተራራ ሥዕል ነው። የዓለምን የምግብ ንግድ ማስታወቂያ ለነፍሳቸው መንገድ መሪ አደረጉት ማለት ነው። ሥዕሉ ግን ተራራውን የሚያሳየው ከደቡብ በኩል፣ ሉዊስ ከተባለው የበረዶ ግግር ወገን ነው። እነሱ ደግሞ የሚወጡት ከናንዩኪ፣ ማለትም ከምዕራብና ከሰሜን ምዕራብ ነው። በእጃቸው ያለው ሥዕልና በፊታቸው የቆመው ተራራ የአንድ ሰው ፊትና ጀርባ ያህል ይለያያሉ።

እዚህ ላይ አንባቢ እንዲታገሰኝ እለምናለሁ፤ ነገሩ የልጁን ሕይወት የሚመለከት ነውና። የኬንያ ተራራ የምድር ወገብ አጠገብ ነው። ከፍተኛው ጫፍ ባቲያን 5,199 ሜትር፣ ጎረቤቱ ኔሊዮን 5,188 ሜትር፣ ሦስተኛው ሌናና 4,985 ሜትር ነው። በምድር ወገብ ላይ የቆመ ተራራ በአንድ ጊዜ ሁለት ወቅት አለው። ከመስከረም አጋማሽ እስከ መጋቢት አጋማሽ ፀሐይ በደቡብ በኩል ስለምታልፍ ደቡቡ ገጽ ይሞቃል፣ ዐለቱም ይደርቃል፤ ሰሜኑ ገጽ ግን ጥላ ይሆንና በረዶ ይይዛል። በሐምሌና በነሐሴ ነገሩ ይገለበጣል። ዝናቡም ሁለት ነው፤ ትንሹ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ ትልቁ ከመጋቢት አጋማሽ ጀምሮ። ስለዚህ በጥር መባቻ የሚወጣ ሰው ደረቁን ወቅት በር ላይ ያገኘዋል፤ ነገር ግን የትንሹ ዝናብ በረዶ በጥላው ገጽ ላይ ገና አልለቀቀም።

ቤኑዚና ጓደኞቹ ወሩን አወቁ፤ ገጹን ሳቱ። ከትልቁ ዝናብ በፊት ባለው ደረቅ ወቅት መውጣታቸው ትክክል ነበር። ባቲያንን የሞከሩት ግን በሰሜን ምዕራቡ ሸንተረር፣ ማለትም በዚያ ወር ዐለቱ በረዶ በሚለብስበት ወገን ነው። የበረዶ ውሽንፍር ያዛቸውና ተመለሱ። ባርሶቲ ታሞ ከሥር ቀርቶ ነበር። ሁለቱ አርፈው፣ ጥር 29 ቀን ቀላሉን ጫፍ ሌናናን ወጡና የኢጣሊያን ባንዲራ ተከሉ። አሳዛኙ ምፀት እዚህ ላይ ነው፤ የጣሳው ሥዕል ለዚያ ወር የሚስማማውን ገጽ ያሳያቸው ነበር። ሃልፎርድ ማኪንደር ከሁለት የአልፕስ መንገድ መሪዎች ጋር እ.ኤ.አ. በ1899 ባቲያን ላይ መጀመሪያ የደረሰው በደቡብ ምሥራቅ በኩል ነው። እነ ኤሪክ ሺፕተንም እ.ኤ.አ. በ1929 በጥር ወር ወደ ኔሊዮን ያቀኑት በዚሁ ወገን ነው።

ታዲያ ለምን በጥላው በኩል ሄዱ? ሞኞች ስለነበሩ አይደለም። ወደ ደቡቡ ለመዞር የሰው መንገድ ማቋረጥ፣ ከዘበኛ መጋጨት ነበረባቸው። ስለዚህ ከካምፑ ቀጥ ብሎ ጫካውን የሚሰነጥቀውን ወንዝ ተከትለው፣ ዝሆንና አውራሪስ እየፈሩ ወጡ። መንገዳቸውን ተራራው አልመረጠላቸውም፤ ወቅቱም አልመረጠላቸውም። እስር ቤቱ ነው የመረጠላቸው። ከሽቦው ቢያመልጡም ሽቦው እስከ ሸንተረሩ ድረስ ተከትሏቸዋል። ይህን ሳነብ የመጽሐፉን ጥልቀት ያየሁ መሰለኝ። ደራሲው ነገሩን እንዲህ አድርጎ በአደባባይ አያውጀው እንጂ የትረካው አካሄድ ሁሉ ይህን ይመሰክራል።

ከሥነ ጽሑፍ አንፃር የመጽሐፉ ትልቁ ሀብት ሐቀኝነቱ ነው። የተራራ መጻሕፍት ብዙዎቹ የድል ዜና ናቸው፤ ባንዲራ ተተከለ፣ ጀግናው ተመለሰ። ቤኑዚ ግን ሽንፈቱን በታሪኩ መካከል ያኖረዋል። ሌሊት የአውሬ ድምፅ ሲሰማ መፍራቱን ይነግረናል። ረኃቡን አያጋንነውም። በራሱ ላይ መሣቅ ያውቃል። እርግጥ ነው፣ ተራራውን መጀመሪያ ያየበትን ሰዓት ሲገልጽ ቃላቱ ከፍ ብለው ይንሳፈፋሉ፤ ያን ለምርኮኛ ዓይን ይቅር እንለዋለን።

ይቅር የማልለው ሌላ ነው። ታሪኩ የሚጀምረው በምርኮ ነው። ከምርኮው በፊት ስለነበረው፣ ስለ ኢትዮጵያ፣ የሚነግረን እጅግ ጥቂት ነው። ሰውዬው በሰው አገር ሹም ነበር፤ ያቺ አገር የምትገዛው ደግሞ በሽቦና በካምፕ ጭምር ነበር። ስለ ታሠረ ሰው ናፍቆት እንዲህ አድርጎ የጻፈ ብዕር፣ በዳናኔና በኖክራ ካምፖች ስለታሠሩት ኢትዮጵያውያን አንዲት ገጽ አልተረፈውም። የእሱ የበላይ፣ የኢትዮጵያ እንደራሴ ይባል የነበረው የአኦስታው መስፍን፣ አምባላጌ ላይ እጁን ሰጥቶ በምርኮ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1942 ናይሮቢ ሞተ፤ የተቀበረውም በዚያው ተራራ አካባቢ ኒዬሪ ነው። ተራራው ሥር የተኛው የኢትዮጵያ ታሪክ ነው፤ መጽሐፉ ግን ወደዚያ አይመለከትም።

ዝምታው በእኛ ላይ ብቻም አይደለም። ተራራው በመጽሐፉ ውስጥ ባለቤት የሌለው ይመስላል። ለኪኩዩ ሕዝብ ግን ኪሪንያጋ ነው፤ የፈጣሪያቸው የንጋይ ማደሪያ። ቤኑዚ ቅኝ ግዛቱን አገልግሎት በገባበት በዚያው በ1938 እ.ኤ.አ. ጆሞ ኬንያታ ለንደን ላይ «ፌሲንግ ማውንት ኬንያ» የተባለውን መጽሐፉን አሳተመ። ርእሱ እንደሚለው፣ ኪኩዩ ሲጸልይ ፊቱን ወደ ተራራው ይመልሳል፤ ሊወጣው አያስፈልገውም። ይኸው ኬንያታ ከሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ስትወር፣ ለንደን ውስጥ ለኢትዮጵያ የቆመው የአፍሪካውያን ወዳጆች ማኅበር ጸሐፊ ነበር። ሁለት ሰዎች፣ ሁለት መጻሕፍት፣ አንድ ተራራ። አንዱ ከቤቱ ደጃፍ ያየዋል፤ ሌላው በሽቦ አሻግሮ። ሁለቱን ጎን ለጎን ያላነበበ ሰው ተራራውን ከአንድ ወገን ብቻ አይቷል።

ይህን ጉድለት ያየሁት እኔ ብቻ አይደለሁም። ራሳቸው ጣልያኖቹ ዉ ሚንግ 1 በሚል የብዕር ስም የሚታወቀው ጸሐፊና ሮቤርቶ ሳንታኪያራ እ.ኤ.አ. በ2013 «ፖይንት ሌናና» የተባለ መጽሐፍ አውጥተው የቤኑዚን ሕይወትና የኢጣሊያን የቅኝ ግዛት ዘመን አብረው መርምረዋል። ቤኑዚ እ.ኤ.አ. በ1988 ስላረፈ መልስ ሊሰጥ አልቻለም። የጣልያንኛው መጽሐፍ ከታተመ 66 ዓመት አልፎ መሆኑ ነው። ዘግይቷል፤ ቢሆንም ከመቅረት መዘግየት ይሻላል።

እንግዲህ ወደ ልጁ ልመለስ። እኔ የምኖረው ሰሚት ነው። ከቤቴ ሰገነት ላይ፣ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ የረር ተራራ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሃያ ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ አይቼዋለሁ። አንድ ዓመት በመስከረም፣ ከሰፈር ጓደኞቼ ጋር ልንወጣው ተነሣን። መንገዱን የመረጥኩት እኔ ነበርኩ፤ ከሰገነቴ ሆኜ ለዓመታት በዓይኔ ስወጣ ስወርድበት የኖርኩበትን ተዳፋት። ከሩቅ ለስላሳ ሣር የመሰለኝ፣ ስንደርስበት ክረምት ያረጠበው መረሬ ጭቃና እሾህ ሆነ። አንዱ ጓደኛዬ ተንሸራቶ እጁ ተሰበረ። በማግስቱ የአካባቢው ገበሬ፣ «በዚህ በኩልማ ከጥቅምት ወዲህ ነው እንጂ፤ አሁን በዚያ በጀርባው ነው የሚኬድ» አለን። ገበሬው ሁለቱንም፣ ገጹንም ወሩንም ያውቅ ነበር። የረር 3,100 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው፣ በረዶ የማያውቅ ተራራ ነው። እዚያ የተሳሳተ እጁ ይሰበራል። ኬንያ ላይ የተሳሳተ ግን አይመለስም።

ልጁ ልምዱ የሰሜን ተራሮች ነው። ከፍታውን ሳንባው ያውቀዋል፤ ራስ ደጀን 4,533 ሜትር ነው፣ ከሌናና ብዙም አይርቅ። የበረዶ ግግር ግን አያውቅም። እንዲያውም ቋንቋችንም አያውቀው። እኛ «በረዶ» ስንል በክረምት ቆርቆሮ የሚደበድበውንም፣ እንደ ጥጥ የሚወርደውንም፣ በማቀዝቀዣ የረጋውንም በአንድ ቃል እንጠራለን። ውርጭና አመዳይ አሉን፤ በዐለት ላይ እንደ መስተዋት ተለብጦ እግር ለሚያሳጣው ስስ በረዶ ግን የተለመደ ስም የለንም። ስም የሌለንን ነገር ደግሞ ዓይናችን ቶሎ አይለየውም። መጽሐፉን ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው መጀመሪያ የሚቸገረው በዚህ ይመስለኛል፤ ሸንተረሩን የሚወጣ ሰው ደግሞ ከተርጓሚው የበለጠ ይቸገራል።

የበረዶውም ነገር ቢሆን ቤኑዚ እንዳየው አልቆየም። የሉዊስ የበረዶ ግግር ከ1934 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከአሥር እጁ ዘጠኙ ያህል ቀልጦ አልቋል። በረዶ አስሮት የነበረ ድንጋይ ይፈታል፤ ትናንት የተጻፈ መንገድ ዛሬ ሌላ ነው። ብዙ ዓመት ባለፈው መጽሐፍ መንገድ መምረጥ በጣሳ ሥዕል ከመምረጥ በምን ይሻላል?

ባለፈው ሳምንት መጽሐፉን ልመልስለት እዚያው ቡና ቤት ተገናኘን። «እንዴት አገኙት፣ ጋሼ?» አለኝ። ከላይ የጻፍኩትን ሁሉ ነገርኩት። ስለ ጥላውና ስለ ፀሐዩ ስነግረው ጸጥ ብሎ ሰማኝ፤ ሥራው ነውና ገባው። ስለ ባንዲራው ሳነሣ ግን ፊቱ ተለወጠ።

«እሱ የተከለውን የኛን ብንተክልበት ምን ነውር አለው?»

«ነውር የለውም» አልኩት። «ግን ልብ በል። ለእሱ መንገዱን የመረጠለት እስር ቤቱ ነው። ላንተ እየመረጠልህ ያለው እልህህ ነው። በቀል በጥር ወር የትኛው ገጽ እንደሚደርቅ አያውቅም።»

ብዙ ዝም አለ። ከዚያ ወረቀት አወጣና ሦስቱን የታወቁ የእግር መንገዶች ጻፈ፤ ሲሪሞን ከሰሜን ምዕራብ፣ ናሮ ሞሩ ከምዕራብ፣ ቾጎሪያ ከምሥራቅ። በሲሪሞን ቀስ ብሎ ሰውነትን እያለማመዱ መውጣት፣ ሌናናን መርገጥ፣ በቾጎሪያ መውረድ፤ ተራራውን ከሁለት ወገን ማየት ማለት ነው። መሪውም የአገሩ ሰው ይሁን አልኩት፤ አንተ ደባርቅ ላይ ለእንግዶችህ የምትለውን ነው የምነግርህ። ሣቀ። ስለ ኔሊዮን ሲጠይቀኝ፣ «በዚህ ወር ከሆነ በደቡብ ምሥራቅ ነው፤ እሱም ገመድና ዐለት ተምረህ፣ በሌላ ዓመት» አልኩት። «እሺ» አላለኝም። «እንነጋገርበታለን» አለኝ። ሦስት ናቸውና እውነቱን ነው።

አንባቢዬ ይህን መጽሐፍ እንዲያነብ እመክራለሁ ወይ? አዎን፣ እመክራለሁ። ወደ አማርኛ ቢመለስም ደስ ይለኛል፤ ደራሲው ከ1938 እስከ 1941 እ.ኤ.አ. የት እንደነበረና ምን ሆኖ እንደነበረ የሚናገር መቅድም ከፊቱ ይግባበት እንጂ። ጠላት የጻፈውን መልካም መጽሐፍ መልካም ነው ለማለት መፍራት የለብንም። አባቴ ቢኖር ይቆጣኝ ነበር፤ ቁጣውን ሰምቼ መጽሐፉን ግን አልመልስበትም ነበር። ሌናና ላይ ሁለት የተራቡ ሰዎች የተሰማቸው ነገር እውነት ነው። ያ እውነት የተራራው አንዱ ገጽ ነው። ሌላውን ገጽ የምንጽፈው እኛ ነን፤ እስካሁን ግን አልጻፍነውም። ልጁ በደኅና ሲመለስ ያየውን እንዲጽፍ አደራ ብዬዋለሁ፤ ተራራውንም፣ የቀረውን በረዶም፣ ፍርሃቱንም።

በረራቸው ጥር 2 ሌሊት ነው። ቦሌ ድረስ እሸኛቸዋለሁ። የትኛውን መንገድ እንደመረጡ የማውቀው ያኔ ነው።